ዓሣ ነባሪው «በሁለት ሰዓት»

ድሮ ልጅ ወላጁን ሲያከብር ጋቢ ያለብስ ነበር። እጁ ላይ ትንሽ ያለው ደግሞ በግ እየጎተተ ይመጣል። የእኔዎቹ ግን አሜሪካ ያደጉ ናቸውና ሰባ አራተኛ ዓመቴን ሊያከብሩልኝ መከሩ፣ ገንዘብ አዋጡ፣ መርከብ ላይ ጫኑኝ። «አባባ፣ አላስካ እንወስድሃለን፤ ዓሣ ነባሪ ታያለህ» አሉኝ። ዓሣ ነባሪ አሳዩኝ ያልኩት መቼ ነው? እኔ የጠየቅኩት ጉልበቴን የሚያይ ሐኪም ነው።

ይሁን። ግን ጊዜውን ተመልከቱልኝ፤ ነሐሴ! የልጅ ልጆቼ ትምህርት የሚዘጉት ያኔ ነው ተብሎ፣ ጿሚው ሁሉ ፍልሰታን ሲይዝ እኔ ሌት ተቀን ቡፌ የማይነሣበት ቤት ልገባ ሆነ። ባለቤቴ ነገሩ ገብቷት ሻንጣዋ ውስጥ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ለማቅለሽለሽ ደግሞ ዝንጅብልና ጤና አዳም ጠቀጠቀች። ፈታሹ የጤና አዳሙን ፌስታል ከፍቶ ሲያሸት የነበረው ፊት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ሲያትል ወደብ ስንደርስ ቀና ብዬ አየሁት። መርከብ ያሉኝ ዋሽተውኝ ነው፤ ውሃ ላይ የቆመ ኮንዶሚኒየም ነው። አሥራ አራት ፎቅ፣ ሊፍት፣ የመዋኛ ገንዳ፣ የቁማር ቤት፣ ከሦስት ሺህ በላይ ሰው። ውሃ ላይ እየሄዱ የመዋኛ ገንዳ ምን ይሠራል ብዬ ብጠይቅ የመለሰልኝ የለም። የእኛ ክፍል አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ «ከፍ ያለው ይሻላል፤ ሩቅ ያሳያል» አለኝ። ሩቅ ማሳየቱስ ያሳያል። ከዚያ ከፍታ ሆኖ ሲያዩት ግን የባሕር አውሬ ሁሉ ሻይ ውስጥ እንደወደቀች ዝንብ ነው።

እኔ እንግዲህ የጣና ዳር ልጅ ነኝ። አጎቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ከደንገል በታሰረች ታንኳ ይዞኝ ይወጣል። ጉማሬ ወደሚውልበት ስፍራ ስንጠጋ መቅዘፊያውን ከውሃ ያነሣና ጣቱን አፉ ላይ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ማሳል የለም፤ እግር መዘርጋት የለም። እንደዚያ ሆነን ስንቆይ መጀመሪያ ሁለት ጆሮ፣ ቀጥሎ ሁለት ዓይን፣ ከዚያ «ፉፍ» የሚል ትንፋሽ ይመጣል። እኔ አውሬ ማየት የተማርኩት እንደዚህ ነው፤ አፍን በመዝጋት። እዚህ መርከብ ላይ ግን ሁለት ነገር በጭራሽ አይዘጋም፤ አንዱ ቡፌው፣ ሌላው የሰው አፍ።

በመጀመሪያው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ባሕሩ ላይ አፈጠጥኩ። የልጄ ባይኖኩላር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ከብት ቃጭል ይወዛወዛል። ዓይኔ ላይ ሳደርገው መርከቡ ይነቀንቀዋል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ሰማዩም ባሕሩም ይደንሳል። ያም ሆኖ አሥራ አንድ ዓሣ ነባሪ አየሁ። ሰባቱ ግንድ ሆኑ። ሦስቱ የማዕበል አረፋ ናቸው ተባለ። አሥራ አንደኛው ሞተር ጀልባ ነበር፤ ሰውየው እጁን አውለበለበልኝ።

ዮናስን አሰብኩት። እሱ ዓሣ ነባሪ አልፈለገም፤ እንዲያውም ነነዌ ላለመሄድ ሸሽቶ መርከቡ ሆድ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ባይኖኩላር የለው፣ ለማየት ቲኬት አልቆረጠ፤ ግን አገኘው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ከውስጥ ጎበኘው። እኔ ልጆቼ ወር ሙሉ ሠርተው ከፍለውልኝ ጭራውን እንኳ አጣሁ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው አይደል?

አሁን ወደ ዋናው ምሬቴ ልምጣ። መርከቡ ላይ ድምፅ ማጉያ ይዛ የምትናገር የተፈጥሮ ባለሙያ አለች። እንስሳ ሲታይ አቅጣጫውን በሰዓት ነው የምትጠራው። «በሁለት ሰዓት አቅጣጫ፣ ዓሣ ነባሪ!» ትላለች። ይህን ስትል ከወንበር የማይነሣ የለም። ቋንጣ ፀሐይ ላይ ትቶ ዝናብ እንደመጣበት ሰው ይሯሯጣሉ። እኔ ደግሞ ተረጋግቼ ቦታዬን እይዝና ባለችው አቅጣጫ አያለሁ፤ ውሃ ብቻ። «በሦስት ሰዓት!» ትላለች፤ አያለሁ፤ ውሃ። «በአሥራ ሁለት ሰዓት!» አያለሁ፤ መርከቡ ያረሰው ነጭ አረፋ። ሕዝቡ ግን ሁልጊዜ ወደ ግልባጩ ነው የሚጎርፈው። ሦስት ሺህ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ «ዋው» ሲል፣ እነዚህ ሰዎች አንዱ ወደሮጠበት የሚሮጡ በጎች ናቸው እያልኩ ታዘብኳቸው። ይህችን ትዝብቴን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

አንዳንዴ በልጄ ጉትጎታ እኔም ወደ ሕዝቡ እገባለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ የማየው ስልክ ነው። እጅ ሁሉ ወደ ላይ ተዘርግቷል፤ እንስሳውን በዓይኑ የሚያይ የለም፤ ሁሉም በመስታወት ውስጥ ይፈልገዋል። ስልካቸውን አውጥተው፣ ከፍተው፣ አስተካክለው እስኪጨርሱ ዓሣ ነባሪው ጠልቋል። ጩኸቱ የሚብሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጭራው ከውሃ ብቅ ሲል ደግሞ ያጨበጭባሉ። ሰላምታ መስሏቸው ነው፤ ባለሙያዋ እንዳስረዳችን ግን ይህ ዓሣ ነባሪ ጭራውን ወደ ላይ ያነሣ ጊዜ በጥልቀት ሊሰምጥ ነው። ስንብት ነው እንግዲህ የሚያጨበጭቡለት። ለእኔም ጡረታ ስወጣ እንደዚሁ አጨብጭበውልኛል።

ስለ እሱ የሰማሁትን ከነገርኳችሁ አይቀር፣ ስሙ ሃምፕባክ ነው፤ በእኛ «ጎባጣው» እንደማለት። ይህን ስሰማ ትንሽ ወደድኩት። ርዝመቱ ከ13 እስከ 15 ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱ ጭነት የሞላ ሲኖትራክ ያህላል። የጭራው የታችኛው ገጽ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው፤ የአንዱ ከሌላው ስለማይመሳሰል፣ ገበሬ በሬውን ቡሬ፣ ዳልቻ ብሎ እንደሚለየው ተመራማሪዎችም አንድ በአንድ በጭራቸው ያውቋቸዋል። የፈረንጁ ክረምት ሲመጣ ከአላስካ ተነሥቶ ወደ 4,800 ኪሎ ሜትር ዋኝቶ ሃዋይ ይወርዳል። እዚያ ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ፤ ምግብ ግን የለም ማለት ይቻላል። ወራት ሙሉ ጾም ነው! እናቲቱ ሳትበላ ታጠባለች፤ ከክብደቷ ሲሶ ያህሉን አጥታ ትመለሳለች። የሚያገግሙት በፈረንጁ በጋ አላስካ ላይ ሄሪንግ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ሌት ተቀን እየጠራረጉ ነው።

እስቲ ፍረዱኝ። በዓመት ወራት የሚጾም እንስሳ ላይ የደረስኩት እሱ በሚፈስክበት ሰሞን፣ ያውም እኔ ስጾም ነው። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፌን ዘግቼ ባሕሩን አያለሁ፤ እሱ ከታች አፉን እንደ ጋራዥ በር ከፍቶ ይበላል። ከበላይ ደግሞ ሦስት ሺህ ሰው ይበላል። ለአስተናጋጁ «የጾም» የሚለውን ልጄ «ቪጋን» ብሎ ተረጎመለትና ሰላጣ አመጣልኝ። በማግስቱም ሰላጣ። በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ባለቤቴ ሳህኑን ገፋ አድርጋ በሶዋን በጠበጠችና ለአስተናጋጁም አቀመሰችው። ከዚያ ወዲህ እሱ «ማዘር» ነው የሚላት።

ብርዱንም ላንሳው። ነሐሴ ነው ተብሎ ማን ያምናል? ዝናቡ የሐምሌን የሚያስንቅ፣ ነፋሱ አጥንት የሚፍቅ። ጋቢዬን እስከ ጆሮዬ ደርቤ፣ ኮፍያዬን ደፍቼ፣ ከዘራዬን ይዤ መርከቡ ጫፍ ላይ ስቆም ሰዎች ያዩኝ ጀመር። መጀመሪያ አንዷ ፈቃድ ጠይቃ ፎቶ አነሣችኝ። ቀጥሎ ባልና ሚስት መጡ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ባይኖኩላሩን ከባሕሩ ላይ አንሥቶ ወደ እኔ አዞረው። በዚያ ጉዞ ከሁሉ በላይ የታየው እንስሳ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በአራተኛው ቀን ግሌሸር ቤይ ገባን። ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በቀን ከሁለት በላይ ትልልቅ የሽርሽር መርከብ አያስገባም፤ እግዜር ይስጣቸው። ጠዋት የፓርኩ ጠባቂዎች በትንሽ ጀልባ መጥተው መርከባችን ላይ ተሳፈሩና ድምፅ ማጉያውን ተረከቡ። እ.ኤ.አ. በ1794 የእንግሊዛዊው መርከበኛ የቫንኩቨር ጉዞ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ የባሕረ ሰላጤው አፍ በበረዶ ግግር የተዘጋ ነበር አሉ። በ1879 የተፈጥሮ ተመራማሪው ጆን ሚዩር ሲደርስ ግግሩ ከ48 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ሸሽቷል። አልፈረድኩበትም። እንግዳ ሲበዛበት በረዶም ቢሆን ወደ ጓዳ ይገባል።

እዚያ የልጅ ልጄ ጋቢዬን ትጎትታለች። «አባባ፣ ሲል! ሲል!»

«ማን ሲል? ምን ሲል?»

«ሲል! እዚያ በረዶው ላይ!»

«እኮ ማን ምን ሲል ነው የሰማሽው?»

ልጄ በሳቅ ወድቆ ሊሞት ነው። ለካ «ሲል» የእንስሳው ስም ኖሯል። ውሻ የመሰለ ፊት ያለው፣ እግሩ መቅዘፊያ የሆነ፣ በረዶ ላይ እንደ ደልብ ሙክት ተጋድሞ የሚውል ፍጥረት። ግልገሎቻቸውን ከጠላት ለማራቅ ነው አሉ ተንሳፋፊ በረዶ ላይ የሚወልዱት። ይኼን አየሁት፤ ሰዓት ስላልተጠራ ይሆናል። ሲ ኦተር የሚሉትንም አየሁ። በጀርባው ተንጋሎ ሆዱን መሶብ አድርጎ ቀንድ አውጣ በድንጋይ እየሰበረ ይበላል፤ በቀን የክብደቱን ሩብ ያህል ነው የሚበላው። ፀጉሩ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ100,000 በላይ ነው ሲሉ ሰማሁ። እኔ ራሴን ዳሰስኩና ዝም አልኩ። በዚህ ፀጉሩ የተነሣ ሩሲያና አሜሪካ ሊያጠፉት ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ የዳነው እ.ኤ.አ. በ1911 አገሮቹ ተስማምተው አደኑን ስለከለከሉ ነው። መላጣነትም አንዳንዴ በረከት ነው።

ከጠባቂዎቹ አንዷ የሚያሳዝን ነገርም ነገረችን። እ.ኤ.አ. በ2001 አንዲት እርጉዝ ሃምፕባክ እዚያው ውሃ ውስጥ በሽርሽር መርከብ ተመትታ ሞተች። ዛሬ አጽሟ ባርትሌት ኮቭ በተባለው ዳርቻ ተገጣጥሞ ቆሟል። እነሆ አሁን ዓሣ ነባሪ በሚበዛበት ውሃ መርከቦች ፍጥነታቸውን እንዲቀንሱ ይገደዳሉ። ይህን ስትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። እኔም ያ ኮንዶሚኒየም ከእግሬ በታች ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

ኦርካ የሚባሉት የባሕር አውሬዎች የመጡት በማግስቱ ነው። «በአሥር ሰዓት!» ስትል እንደ ልማዴ አየሁ፤ ውሃ። ባለቤቴ ግን ያን ሰዓት ታች አምስተኛ ፎቅ መስኮት አጠገብ ከአንዲት ፊሊፒናዊት ጋር ሻይ እየጠጣች ነበር፤ በቋንቋ ሳይሆን በእጅ ነው የሚያወሩት። አምስት ኦርካ ሻይዋ ሳይበርድ በመስኮቱ አለፉላት። ማታ ስትነግረኝ «አንተ ሰውዬ፣ አርፈህ ብትቀመጥ እነሱ ራሳቸው ይመጡልህ ነበር» አለች። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህችኑ ነው የምትለኝ።

የኦርካ ነገር ግን አንጀቴን በላኝ። ስሟ «ገዳይ ዓሣ ነባሪ» ይሁን እንጂ ወገኗ ከዶልፊን ነው። ከሲያትል ወዲያ ባለው ባሕር ሳልሞን እየበሉ የሚኖሩት ዘሮች ልጆቻቸው፣ ወንዱም ሴቷም፣ ዕድሜ ልካቸውን ከእናታቸው አይለዩም። ሴቷ አርባ ዓመት አካባቢ መውለድ ታቆማለች፤ ከዚያ በኋላ ግን አሥርት ዓመታት ትኖራለች። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ከፊት መምራት። በተለይ ሳልሞን ባነሰበት ዓመት የት እንዳለ የምታስታውሰው አያት ናት፤ የቀረው ይከተላታል። ከእነዚሁ አንዷ እ.ኤ.አ. በ2018 የሞተ ጨቅላዋን 17 ቀን ተሸክማ ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር ዋኘች፤ ሲያትል ያለን ሰዎች በየዜናው ዕለት ዕለት ለቅሶዋን ስንከታተል ነበር። እነሱ ዘንድ አያት ትመራለች፤ እኛ ዘንድ አያት መርከብ ላይ ይጫናል። «አባባ፣ አትጥፋ፤ እዚህ ቁም» ይባላል። ልጄ ይህን ስነግረው «ታዲያ አባባ፣ አንተ ሳልሞን የት እንዳለ ታውቃለህ?» አለኝ። አውቃለሁ! ቡፌው ላይ፣ በስተግራ። ጾም ሆኖብኝ ነው እንጂ።

እንግዲህ ወደ ትዝብቴ። በስድስተኛው ቀን ማታ ዘጠኝ ዓመት የሆናት የልጅ ልጄ አጠገቤ ቁጭ አለችና «አባባ፣ አንተ ሁልጊዜ ለምንድን ነው ወደ ኋላ የምታየው?» አለችኝ። «አንተ» ነው የምትለኝ፤ «እርስዎ»ን ማን አስተምሯት። «የትኛው ኋላ? ሁለት ሰዓት ሲሉኝ ሁለት ሰዓት ነው የማየው» አልኳት። ወረቀት አምጥታ ክብ ሠራችና የመርከቡ አፍንጫ አሥራ ሁለት፣ ጭራው ስድስት፣ ቀኝ ሦስት፣ ግራ ዘጠኝ መሆኑን ጻፈችልኝ። «እስቲ ሁለት ሰዓት የቱ ነው?» አለችኝ። እኔ ጣቴን ስምንት ላይ አደረግኩ።

አትሳቁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አሜሪካ ስኖር አንድም ቀን ሰዓት ሳልገለብጥ አልዋልኩም። የሐኪም ቀጠሮ «ሁለት ሰዓት» ሲሉኝ በልቤ «ስምንት» እላለሁ፤ የሥራ መግቢያ «አሥራ ሁለት» ሲሉኝ «ስድስት» እላለሁ። ጠዋት ሲነጋ ሳይሆን ሰው ሁሉ እንቅልፍ ላይ እያለ ቀን የሚጀምር ሕዝብ ጋር ስኖር ሌላ ምን ላድርግ? ባለሙያዋ ሁለት ስትል አእምሮዬ ሳያማክረኝ ስምንት እያደረገው፣ ዓይኔን ከዓሣ ነባሪው በትክክል በተቃራኒው ሲልከው ሰነበተ። በጎች ያልኳቸው ሦስት ሺህ ሰዎች ልክ ነበሩ። ወደ ጭራው የሚያየው በግ አንድ ብቻ ነበር፤ ጋቢ የለበሰው።

ቤተሰቡ ሁሉ ሰማ። ልጄ ሳቀ፣ ምራቴ ሳቀች፣ አስተናጋጁ ሳይቀር ተተርጉሞለት ሳቀ። ባለቤቴ ብቻ አልሳቀችም፤ «እኔ አውቄ ነበር» ነው ያለችው። ያ ከሳቁ ይብሳል።

የመጨረሻውን ጠዋት ልንገራችሁ። ያን ቀን ማታ የካናዳዋ ቪክቶሪያ ላይ ለጥቂት ሰዓት እንቆማለን። የሌላ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ከሲያትል ተነሥቶ ሲያትል ለመመለስ የውጭ ወደብ መርገጥ አለበት፤ ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1886፣ ከአድዋ አሥር ዓመት ቀድሞ ነው። እኔ እንቅልፍ አጥቼ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በእኛው አቆጣጠር፣ ተነሣሁ። ወደ ላይ መውጣቱ ስላንገፈገፈኝ በሊፍት ዝቅ ብዬ የእግረኛ መተላለፊያ ያለበት ፎቅ ወረድኩ። ውሃው እዚያ ቅርብ ነው፤ ይሸታል፣ ይሰማል። ሰው የለም። የልጅ ልጄ በፒጃማዋ ተከትላኝ መጥታለች፤ ጋቢው ውስጥ አስገባኋት።

«አባባ፣ የት እንይ?» አለች በሹክሹክታ።

«እኔ እንደለመድኩት» አልኳት። ወደ ኋላ በግራ ዞርን። ጣቴን አፌ ላይ አደረግኩ፤ እሷም አደረገች።

ብዙ ቆየን። ጉልበቴ ያመኛል፤ አልተንቀሳቀስኩም። ከዚያ ጭጋጉ ውስጥ፣ ጠዋት ከጎጆ ክዳን ላይ እንደሚወጣ ጭስ ያለ፣ ነጭ ነገር ቀጥ ብሎ ወጣና ተበተነ። ትንፋሹ ዘግይቶ ደረሰን፤ «ፉፍ»፤ ልክ የጣናው ጉማሬ፤ አሥር እጥፍ ሆኖ። ጥቁር ጀርባ ተገለጠ፤ ጎበጠ። ከጎኑ ደግሞ ትንሽ ጭስ፣ ትንሽ ጀርባ። ሃዋይ ላይ ጾማ የወለደችው ናት እንግዲህ፤ ልጇን ይዛ ልትፈስክ መጥታለች። ሦስት ጊዜ ተነፈሱ። እናቲቱ ጭራዋን አነሣች፤ ውሃው ከዳርና ዳሩ እንደ መጋረጃ ፈሰሰ፤ ሰመጠች። ያጨበጨበ የለም።

ልጅቱ ስልክ አልያዘችም፤ እኔ ባይኖኩላሩን ክፍል ውስጥ ትቼዋለሁ። ቁርስ ላይ ስንነግራቸው ልጄ «ፎቶው የታለ?» አለ። ፎቶ የለም። ምራቴ «በስንት ሰዓት አቅጣጫ ነበር?» ብላ ልትቀልድብኝ ሞከረች። የልጅ ልጄ ሽሮ ውስጥ ዳቦ እየነከረች፣ ቀና ሳትል፣ «በሁለት ሰዓት፤ በአባባ ሰዓት» አለቻት።

ፍርዴ ይኸው ነው። የእናንተም ልጆች አንድ ቀን መርከብ ላይ ከጫኗችሁ ከፍ ካለው ፎቅ ውረዱ፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሡ፤ ስልኩን ክፍል ውስጥ ተዉት፤ አንድ ሕፃን ጋቢያችሁ ውስጥ አስገቡና አፋችሁን ዝጉ። ሰዓታችሁን ግን አትገልብጡ። የጉልበቴ ሐኪም ለመስከረም ቀጥሮኛል፤ ከቀኑ በሁለት ሰዓት ብሎኛል፤ ስምንት ላይ እደርሳለሁ።